አንድ ኪሎ አፈር፦ የዕፅዋትና የአፈር ሳይንስን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሄክታር መሬት 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብንወስድ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ይመዝናል ብለን ብናሰላ 2,400 ቶን፣ ማለትም 2.4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ይደርሳል። ተማሪው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ ይዞ የሚገባው አንድ ኪሎ ነው። ከዚያ አንድ ኪሎ ደግሞ ለፒኤች (ለአሲዳማነት መጠን) መለኪያ 10 ግራም፣ ለኦርጋኒክ ካርቦን አንድ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ይወሰዳል።

ይህን ስሌት በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ በሰሌዳ እጽፈዋለሁ። የዚህን ትምህርት ክብደት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። አንዲት ግራም ስለ አንድ ሙሉ ማሳ እንድትመሰክር እናደርጋታለን፤ በምስክርነቷም ላይ ተመሥርተን ገበሬውን “ይህን ያህል ማዳበሪያ ግዛ” እንለዋለን። ምስክሯ ሐሰተኛ ከሆነች ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ነው። አራቱን ዓመት እንዴት እንደምታሳልፉት የማስረዳውም ይህን እያሰብኩ ነው።

እርምጃ 1፦ ከምደባው በፊት ጠይቁ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሮ ነው ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው። ያ ዓመት መረጃ ለመሰብሰብ ይበቃል። የዕፅዋት ሳይንስ በሰብል አመራረት፣ በዝርያ ማሻሻል፣ በተባይና በበሽታ ላይ ያተኩራል። የአፈር ሀብትና ተፋሰስ አያያዝ አፈሩን፣ ውሃውንና የመሬቱን ተዳፋት ይይዛል። ሆርቲካልቸር ወደ አትክልት፣ ፍራፍሬና አበባ ያደላል። ስያሜው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ስሙን ሳይሆን የኮርሶቹን ዝርዝር ተመልከቱ።

ከዝርዝሩም በላይ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ “ባለፈው ሴሚስተር ስንት ጊዜ ማሳ ወጣችሁ?” መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

የግቢው አካባቢም ራሱ መምህር ነው። ጅማ የሚማር ሰው ከበር ሲወጣ ቀይ አፈርና ቡና ያገኛል። ሐዋሳ ያለው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተወለደ አፈር መካከል ነው። ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረው ሐረማያ ደግሞ ማሽላ አብቃይ በሆነ ደጋማ አገር ላይ ተቀምጧል። የትም ብትመደቡ በዙሪያችሁ ያለውን መሬት በእግር ዞራችሁ እወቁት።

ግብርና ሲደርሳቸው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። ኀዘናቸውን አልንቅም፤ ቤተሰብ “ለእርሻ ነው እንዴ ያስተማርኩህ?” ሲል የሚሰማውን ስሜት አውቀዋለሁ። ነገር ግን እርሻን መኖርና የእርሻን ምክንያት ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚህ የምትመጡት ለሁለተኛው ነው።

እርምጃ 2፦ ስሌቱን ለነገ አታስተላልፉት

ከዚህ ትምህርት ተማሪን የሚያሸሸው አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ሳይሆን ኬሚስትሪው ነው። የሚያስፈልጋችሁ ግን ሰፊ አይደለም፦ ሞል፣ የሙሙት (ሶሉሽን) ጥንካሬ፣ አሲድና ቤዝ፣ የአዮን መለዋወጥ። ከሒሳብ በኩል ደግሞ መቶኛና የመለኪያ ቅየራ። ቅየራውን እጃችሁ እስኪለምደው አድርጉት።

አንድ ምሳሌ ከእኔ ጋር አስሉ። የሙከራ መደባችሁ 3 በ2 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ነው። ለጤፍ በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው) ማዳበሪያና በጠቅላላው 64 ኪሎ ናይትሮጅን እንድትሰጡ ታዝዛችኋል። በሄክታር 100 ኪሎ ማለት በካሬ ሜትር 10 ግራም ነው፤ ስለዚህ ለመደቡ 60 ግራም ኤንፒኤስ ትመዝናላችሁ። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 19 ኪሎው ተሟልቷል፤ 45 ኪሎ ይቀራል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ 45ን ለ0.46 ስናካፍል 97.8 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር፣ ለመደባችን 58.7 ግራም ይመጣል።

በኤንፒኤስ ከረጢት ላይ የተጻፈው 38 በመቶ ደግሞ የንጹሕ ፎስፈረስ መጠን አይደለም፤ ፒ2ኦ5 የሚባለው ውሕድ ነው። ንጹሑን ለማግኘት በ0.44 ታባዛላችሁ፤ ከ100 ኪሎው 16.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን ሳይለይ የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሶ የመጣ ተማሪ ሙሉ ሠንጠረዡን እንደገና ሲሠራ አይቻለሁ።

እርምጃ 3፦ እጃችሁን አስተምሩ

በአፈር ውስጥ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ በምን መጠን እንደተደባለቁ የሚገልጸው ቴክስቸር ይባላል። ላቦራቶሪ ውስጥ በሃይድሮሜትር (በፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ይለካል፤ ማሳ ላይ ግን በጣት ይታወቃል። ጣታችሁን ለማሠልጠን በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት አፈር ይበቃል።

አንድ ሾርባ ማንኪያ የሚሆን አፈር መዳፋችሁ ላይ አድርጉ። ሥሩንና ጠጠሩን ልቀሙ። ውሃ በጠብታ እየጨመራችሁ እንደ ሊጥ እሹት፤ እንክብሎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሙ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ጨምቃችሁ ኳስ ሥሩ። ኳስ አልሆን ካለ አሸዋ ነው። ከሆነ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡትና በራሱ ክብደት እስኪቆረጥ ጠብቁ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲቆረጥ ሸክላው ጥቂት ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 መካከለኛ ነው፤ ከ5 በላይ ከሄደ ሸክላ በእጃችሁ ይዛችኋል። ከዚያ ትንሽ ቆርሳችሁ በብዙ ውሃ መዳፍ ላይ አሹት። ሲከረክር አሸዋ አለበት፤ እንደ ዱቄት ከለሰለሰ ደለል ይበዛዋል።

ግምታችሁን ጻፉ፤ በኋላ ከሃይድሮሜትሩ ውጤት ጋር አስተያዩት። ተማሪዎቼ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከመሣሪያው ጋር የሚስማሙበት ጊዜ ይበዛል፤ ያን ቀን ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ለእኔም ደስታ ነው።

እርምጃ 4፦ ጉድጓዱ

ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል የአፈር ጉድጓድ የተቆፈረበትን ቀን እመርጣለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በመጀመሪያ ባለ ማሳውን አነጋግሩ። ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ግን ፈቃድ ብቻ አትጠይቁ። አንዲት ተማሪዬ ከመቆፈሯ በፊት ለሽማግሌው ባለ ማሳ፣ “አባባ፣ ይህን ማሳ ምን ብለው ይጠሩታል?” አለቻቸው። “ከላይ ቀይ ትምሰልሽ እንጂ ልጄ፣ ሥሯ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ በሬ ታሰምጣለች” አሏት። እኛ ያየነው ቀይ አፈር ብቻ ነበር። 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ስንደርስ ጥቁሩ ሸክላ ወጣ። ቀዩ ከላይኛው ተዳፋት ታጥቦ የመጣ ነበር። ዋልካ፣ መረሬ፣ ጭንጫ የሚሉት ቃላት የአፈር ምደባ ናቸው፤ ማስታወሻችሁ ላይ ከዓለም አቀፉ ስም ጎን ጻፏቸው።

ቦታው ከመንገድ፣ ከቤት፣ ከአጥር፣ ከፍግ ክምር፣ ከአውድማና ከኩይሳ ይራቅ። እነዚህ ሁሉ አፈሩን ቀይረውታል። አንድ ሜትር ወርድ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ አለት ቀድሞ ከመጣ እዚያ ይቆማል። የምታጠኑት ግድግዳ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ይዙር። በዚያ ግድግዳ አናት ላይ ማንም አይቁም፤ አፈርም አይከመር። የላይኛውን አፈር በግራ፣ የታችኛውን በቀኝ አስቀምጡ፤ ስትመልሱ በተራው ይገባል። ለም አፈሩን ከሥር ቀብሮ የሚሄድ ተማሪ የሰው እንጀራ ላይ አፈር አልብሶ ነው የሄደው።

ጥንቃቄውን አትዘንጉ። ርጥብ ዋልካ ግድግዳው ይናዳል። ብቻችሁን አትግቡ። ጉድጓዱ የሚያድር ከሆነ እሾህ ከልሉበት፤ ከብትም ልጅም ይገባበታል።

አሁን ቢላ ያዙ። በዶማ የተላገ ግድግዳ እውነተኛ መልኩን አያሳይም፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች በቢላ ጫፍ እየነቀላችሁ ተፈጥሯዊ ስብራቱን አውጡት። ሜትር ስቀሉና ፎቶ አንሡ። ከዚያ ሳትጽፉ ዐሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ቀለሙ የት ይለወጣል? ቢላው የት ይከብዳል? ሥሩ የት ቆመ? ሦስቱ በተገናኙበት ላይ ብዙውን ጊዜ የንብርብር ድንበር አለ። ለእያንዳንዱ ንብርብር ጥልቀቱን፣ በመንሰል የቀለም መጽሐፍ የተነበበ ቀለሙን በርጥቡም በደረቁም፣ ቴክስቸሩን፣ ቅርጹን፣ የሥር ብዛቱን መዝግቡ። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስታደርጉ ከፈላ ካርቦኔት አለ ማለት ነው።

ሁለት አፈር አወዳድራችሁ እዩ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን ዋልካ በበጋ ብትቆፍሩ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። ከታች በኩል ሸክላው ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ ተፋግቶ ያብለጨለጨ፣ ጭረት ያለበት ገጽ ታገኛላችሁ። የላይኛው አፈር በስንጥቁ እየወረደ ስለሚቀላቀል የንብርብር ድንበር ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ቨርቲሶል ነው። የጅማን ወይም የወለጋን ቀይ አፈር ስትቆፍሩ ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ ድንበሩ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ በእጅ ሲሰበር ገጹ የሚያንጸባርቅ ትንንሽ ፍሬ ይመስላል። ይህ ኒቲሶል ነው። የመጀመሪያው ችግሩ በክረምት ውሃ መቋጠሩ ነው፤ በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፊ መደብ በእጃቸው እያበጁ ውሃውን በቦይ የሚያጠነፍፉት ለዚህ ነው። የሁለተኛው ችግር አሲዳማነቱና ፎስፈረስን በብረትና በአሉሚኒየም አስሮ መያዙ ነው። አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ለሁለቱም እኩል አይሠራም፤ ይህን ከመጽሐፍ ብታነቡት ትረሱታላችሁ፤ ከጉድጓድ ውስጥ ካያችሁት አይጠፋችሁም።

ከግድግዳው ናሙና ስትወስዱ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ ከጀመራችሁ የሚረግፈው አፈር የታችኛውን ይበክለዋል።

እርምጃ 5፦ ያ አንድ ኪሎ

ለአፈር ለምነት ምርመራ የሚወሰደው ናሙና ከጉድጓዱ የተለየ ነው። ሰብሉ ከተነሣ በኋላ፣ ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ውሰዱ። ማሳውን በተዳፋቱ፣ በቀለሙና ባለፉት ዓመታት በተዘራበት ሰብል ከፋፍሉት፤ ባቄላ የነበረበትና ስንዴ የነበረበት አንድ ናሙና ውስጥ አይገቡም።

በአንዱ ክፍል ውስጥ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱና ከ15 እስከ 20 ቦታ ላይ ቁሙ። በእያንዳንዱ ቦታ ሣሩን ጥረጉ፤ በአካፋ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ክፈቱ፤ ከዳሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ከላይ እስከ ታች እኩል አውጡ። ከላይ ወፍሮ ከታች የሳሳ ቁራጭ የላይኛውን አፈር ያበዛል፤ ኦርጋኒክ ካርቦኑንም ከእውነቱ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ባልዲ የዚንክ ውጤታችሁን ያበላሻል።

ሁሉንም በንጹሕ ሸራ ላይ ቀላቅሉ። ክምሩን ለአራት ክፈሉ፤ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ጣሉ፤ የቀረውን ቀላቅላችሁ እንደገና ክፈሉ። አንድ ኪሎ ሲቀር አቁሙ።

ስለ መለያው ወረቀት አስቀድማችሁ ከእኔ ስሙ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ 12 ናሙና ይዤ በዝናብ ተመለስኩ። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነበር። በማግስቱ ስከፍታቸው ቀለሙ ፈስሶ፣ ወረቀቱ ከአፈሩ ጋር ላቁጦ አገኘሁት። የትኛው ከላይኛው ማሳ፣ የትኛው ከታችኛው እንደመጣ መለየት አልቻልኩም። የሦስት ቀን ጉዞ ደግሜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ እርሳስ ውሃ አይፈራም። አንዱን ወረቀት በትንሽ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ እሰሩ፤ ሦስተኛው ቅጂ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይኑር። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ የማሳው ታሪክና የሰብሳቢው ስም ይጻፍበት።

አፈሩን በጥላ አድርቁ። ከአመድ፣ ከማዳበሪያ መጋዘንና ከአቧራማ መንገድ ይራቅ። በእንጨት መውቀጫ በቀስታ አድቅቁና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ።

እርምጃ 6፦ ላቦራቶሪ

ፒኤች ቀላሉ ልኬት ይመስላል፤ ስሕተት የሚበዛበትም እርሱ ነው። መሣሪያውን ፒኤች 4 እና 7 በሆኑ በፈሮች (ፒኤቻቸው በታወቀ መፈተሻ ፈሳሾች) አስተካክሉ። 10 ግራም አፈር ላይ 25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩ፤ በጥብጡ፤ እንዲረጋ ተዉት፤ ንባቡ እስኪቆም ጠብቁ። በውሃ ምትክ በፖታሺየም ክሎራይድ ከለካችሁ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ በየትኛው እንደለካችሁ ጻፉ። ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውሃ ውስጥ አታሳድሩት፤ ማረፊያው የፖታሺየም ክሎራይድ ሙሙት ነው።

ቁጥሩ ሲወጣ ትርጉሙን አስቡ። ፒኤች 5 ከፒኤች 6 ዐሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የሥርን ጫፍ ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱንም ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ ማዳበሪያ መጨመር ብቻውን ገንዘብ መጣል ነው።

ለኦርጋኒክ ካርቦን በዎክሊና ብላክ ዘዴ ስትሠሩ ፖታሺየም ዳይክሮሜትና የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ትነካላችሁ። ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም አታፍሱ። መነጽርና ጓንት ከሌለ ሥራው ይቆይ፤ ይህን ለመምህራችሁ ለመናገር አትፈሩ። በእያንዳንዱ ዙር አፈር የሌለበት አንድ ባዶ ናሙናና ቢያንስ አንድ የተደገመ ናሙና አስገቡ። የተደገመው ካልተቀራረበ ዙሩ በሙሉ ይጠረጠራል።

ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.1 በመቶ መጣ እንበል። በመጀመሪያው ስሌታችን መሠረት ይህ በሄክታር 2,400 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ብዙ ይመስላል። ሰብሉ ግን ቢጫ ሆኖ ቆሟል። አብዛኛው በኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ታስሮ በአንድ ወቅት ጥቂቱ ብቻ ስለሚለቀቅ ነው። ቁጥርን ከማሳው ጋር አስታርቆ ማንበብ የሚባለው ይህ ነው።

እርምጃ 7፦ ተክሉን በሰዓቱ እዩት

ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ እንደማይቻል ይቆጠር ነበር። አበባው እጅግ ትንሽ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሰዎች ማሳ ሲደርሱ ሥራውን ጨርሶ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ አንድ ሰዓት ግድም መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ የጤፍ ማዳቀል መንገዱ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያም የዚሁ የማዳቀል ሥራ ፍሬ ነው። ማሳ የምትወጡበትን ሰዓት ምረጡ ስል ይህን እያሰብኩ ነው። በቀትር ብቻ ማሳ የሚያይ ተማሪ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ግማሽ ሜትር መደብ እንኳ ቢሆን የራሳችሁ ይኑራችሁ። ባቄላ ዝሩበት። ሊያብብ ሲል አንድ ተክል ከነአፈሩ በጥንቃቄ ንቀሉ፤ ሥሩን በውሃ እጠቡ፤ እንደ ዶቃ የተንጠለጠሉትን እባጮች በምላጭ ቁረጡ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። “ጥራጥሬ አፈር ያለማል” የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚያች ቀይ ነጥብ ውስጥ አለ።

ቅጠል ማንበብም ተለማመዱ። ናይትሮጅንና ፖታሺየም በተክሉ ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ እጥረታቸው በታችኛው፣ በአሮጌው ቅጠል ይጀምራል፦ ናይትሮጅን ሲጎድል ቅጠሉ በሙሉ ይገረጣል፤ ፖታሺየም ሲጎድል ጠርዙ ይቃጠላል። ብረት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በለጋው ቅጠል ላይ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ይገረጣል። የፎስፈረስ እጥረት በበቆሎ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያመጣል። ነገር ግን ብርድም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቅጠል ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ተክል ለማድረቅ ጋዜጣና ሁለት ጣውላ ይበቃል። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ሲደርቅ የሚጠፋውን፣ ማለትም የአበባውን ቀለም፣ ሽታውንና የተክሉን ቁመት፣ እዚያው ማሳው ላይ ጻፉ። የአካባቢውንም ስም አትርሱ።

እርምጃ 8፦ የመመረቂያ ጥናት

ርእስ ስትመርጡ ከቀድሞ ተማሪ ጽሑፍ የቦታ ስም ቀይሮ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። ይህን ስመለከት እናደዳለሁ፤ አልደብቅም። አንድ ማሳ ሄዳችሁ ገበሬው የማይገባውን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ርእሱ እዚያ አለ።

ሙከራ ስትነድፉ ድግግሞሽ አታጉድሉ። 4 ትሪትመንት (የሚነጻጸር አያያዝ) በ3 ድግግሞሽ ለስሕተት ግምት የሚተርፈው ነጻ ዲግሪ (ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም) 6 ብቻ ነው፤ 5 ትሪትመንት በ4 ድግግሞሽ 12 ይሰጣል። ከ12 ባያንስ ይሻላል። ብሎኮቹን፣ ማለትም ሁሉም ትሪትመንት የሚገባባቸውን የመደብ ስብስቦች፣ ስታስቀምጡ መሬቱን እዩ፦ ተዳፋት ካለ አንዱ ብሎክ በሙሉ ከፍታው እኩል በሆነ መስመር ላይ ይረፍ፤ ልዩነቱ በብሎኮች መካከል እንጂ በአንድ ብሎክ ውስጥ አይግባ። በየብሎኩ ዕጣ አውጡ። “ይኸኛው ጥሩ ይመስላል” ብሎ መደብ መምረጥ ሙከራውን መግደል ነው።

ስታጭዱ የዳር መስመሮቹን ተዉ። ከ4 ካሬ ሜትር 800 ግራም እህል ከመዘናችሁ በሄክታር 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ነው። የእህሉን ርጥበትም ለኩ፤ አለዚያ ርጥቡን ከደረቁ ጋር ታወዳድራላችሁ።

አንድ መደብ በከብት ከተበላ “በከብት ተበላ” ብላችሁ ጻፉ። የሌለ ቁጥር አትፍጠሩ። የጎደለ መረጃን በስታቲስቲክስ ማስተካከል ይቻላል፤ የተፈበረከን ግን ማንም አያስተካክለውም፤ ምክረ ሐሳብ ሆኖ ማሳ ላይ ይወርዳል።

እርምጃ 9፦ የተግባር ልምምድና የመውጫ ፈተና

ለልምምድ የምርምር ማዕከል ካገኛችሁ ሂዱ፤ ቁሉምሳ በስንዴ፣ መልካሳ በቆላ ሰብሎች፣ ጅማ በቡና ይታወቃሉ። ካልሆነ የቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር መዋል ከቢሮ መቀመጥ ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። በየሴሚስተሩ የተጻፈ የማሳና የላቦራቶሪ ደብተር ያለው ተማሪ ለዚያ ፈተና አዲስ ነገር አያጠናም።

እርምጃ 10፦ ውጤቱን መልሱ

ጽሑፋችሁን ካቀረባችሁ በኋላ ወደ ማሳው ተመለሱ። ገበሬው የሚጠይቃችሁ ፒኤች ስንት እንደሆነ አይደለም፤ “ስንት ኩንታል ኖራ ልጨምር?” ነው የሚላችሁ። ለዚህ የሚለዋወጠውን አሲድ መጠንና የአፈሩን ጥግግት ለክታችሁ መሆን አለበት። አሲዱ በኪሎ 2 ሴንቲ ሞል (የሞል 2 መቶኛ)፣ ጥግግቱ በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ነው እንበል። ኖራው በማረሻ የሚቀላቀለው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያ አፈር በሄክታር 1.8 ሚሊዮን ኪሎ ይመዝናል። በውስጡ ያለው አሲድ 36,000 ሞል ነው፤ አንዱን ሞል ለማርከስ 50 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። 1,800 ኪሎ፣ ማለትም በሄክታር 18 ኩንታል ይመጣል። የምታገኙት ኖራ ንጹሕ ካልሆነ እንደ ንጽሕናው መጠኑን ከፍ አድርጉ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ስለሆነ አራት ኩንታል ተኩል ይደርሰዋል። ወረቀቱ ላይ በኩንታልና በጥማድ ጻፉለት፤ ከመዝራቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ እንዲበትነውም ንገሩት።